አጃቢ አፍ የለውም

ሪያድ ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ካለባችሁ ከሳሽም ሁኑ ተከሳሽ፣ ብቻ አጃቢ ሆናችሁ አትሂዱ። ባለጉዳይ ቢያንስ ስሙ ይጠራል። አጃቢን ግን ከውጭ በር ጀምሮ «አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ የማይጠይቀው የለም። እኔ የሄድኩት ከአንድ ጽዳት ድርጅት የቀረባትን ደመወዝ የምትጠይቅ የሰፈራችን ልጅ ብቻዋን እንዳትሆን ነው። ደግሞም አልዋሽም፣ ችሎት ውስጥ ገብቼ ስለማላውቅ የማየት ጉጉቱም ነበረኝ። አገር ቤት እያለሁ በልደታ ፍርድ ቤት በር ከማለፍ በቀር ከዳኛ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጬ አላውቅም።

ሙግት ማየት ለእኛ ሰው ከድሮም ጌጡ ነው። በበልሃ ልበልሃ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይወጡ ነበር፤ መንገደኛውን ያስቆሙትና ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይዳኛቸዋል። አንዱ በማር ሲወራረድ ሌላው በቅሎ ያስይዛል፤ ዘንጉን እየጠቆመ፣ ነጠላውን እያጣፋ ይሟገታል። አላፊ አግዳሚውም ከብቦ ያዳምጣል፣ ያጉረመርማል፣ ማን እንደሚረታ ከዳኛው ቀድሞ ይናገራል። ይህንን ሲሰማ ያደገ ሰው ሪያድ ላይ ችሎት እገባለሁ ሲል ምን እንደሚጠብቅ ገምቱት።

መጀመሪያ ግን ቀኑን ማወቅ አለ። ቀጠሮው በስልክ መልእክት ይመጣል፤ በሂጅራ ቆጥሮም በፈረንጅ ቆጥሮም ሊመጣ ይችላል። የሂጅራው ዓመት ከፈረንጁ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ እኛ ደግሞ ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን። ልጅቷ ለእናቷ ስትደውል በእኛ አቆጣጠር፣ ለአሠሪዋ በእነርሱ፣ ለእኔ በፈረንጅ ታወራለች። ሰዓቱም ያው ነው፤ አዲስ አበባና ሪያድ ሰዓታቸው አንድ ሆኖ ሳለ 9 ሲሉ እኛ 3 እንላለን። እንዲህ ሆኖ የተቀጠረበትን ቀን ያልሳተ ሐበሻ ካለ እኔ ልሸልመው።

ቀኑ ሲገኝ ደግሞ የሥራ ቀን ነው። አገሩ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋል፤ መሥሪያ ቤት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። የእኛ ሰው የሚያርፈው፣ ካረፈ፣ ጁምዓ ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተከፈለውን ደመወዝ ለመጠየቅ የሚከፈለውን ደመወዝ ያስቆርጣል። አጃቢውም እንደዚሁ።

ከዚያ ስልኩ አለ። በዚህ ከተማ ያለ ስልክ ሰው አይደለህም፤ ኢቃማህ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድህ፣ አብሽር በሚባለው፣ ክስህ ናጂዝ በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ላይ ነው። ለመግባት ኮድ በመልእክት ይላካል፤ ሲሙ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው። ልጅቷ ስትመጣ አንዱ ዘመድ አውጥቶላት እሱ አገር ቤት ገብቷል፣ ወይም ደማም ሄዷል። አንዳንድ ችሎት ከኮሮና ወዲህ በቪዲዮ ነው፤ አንዱ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ተደብቆ፣ ሌላው መኪና ውስጥ ሆኖ ይሟገታል። የቪዲዮ ችሎት ላይማ ተመልካች የሚቀመጥበት ወንበር ራሱ የለም።

ወንበር ያለበት ችሎት የደረሰኝ በዕድል ነው። የአገሩ የሥነ ሥርዓት ሕግ ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፤ የሚዘጋው ዳኛው ምክንያት ሲያይ ብቻ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ግን ይህን ሕግ ያነበበ አልመሰለኝም። ለማኝም፣ ደላላም፣ ወንድሟም አለመሆኔን አስረድቼ ገባሁ። ውስጡ ደግሞ ምን ይታያል? ዳኛው ብሽት የሚባለውን ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ ቀስ ብለው ያስጽፋሉ፣ ጸሐፊው ይጽፋል። የድርጅቱ ወኪል በደንብ የተተኮሰ ነጭ ቶብ ለብሶ ወረቀት ያገላብጣል። ዘንግ የሚሰብቅ የለም። ድምፁን ከፍ ያደረገም የለም፤ ከፍ ያለው የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። የእኛ አረብኛ የወጥ ቤትና የገበያ አረብኛ ነው። ባትሃ ገበያ ላይ ነጋዴውን በዋጋ ክርክር አላብታ የምትለቅ ሴት፣ የችሎቱ አረብኛ ሲመጣ አንገቷን ደፍታ «ነዓም» ትላለች። አስተርጓሚ ይመጣል፤ ሲመጣም ለአገሬው ሁላችንም ሐበሺ ስለሆንን አማርኛ ተናጋሪዋን በትግርኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውን በአማርኛ የሚያናግር ሊገጥም ይችላል። የእኛ ልጅ በዚያ በኩል ዕድለኛ ናት፣ አማርኛ የሚችል ደረሳት። እሱ ግን ንግግሯን እያሳመረ ያስተላልፍ ጀመር። «ሌሊት አሠርተውኛል፣ ትርፍ ሰዓቱን አንድም ቀን አልከፈሉኝም» አለች። እሱ «ደመወዟን ትጠይቃለች» አለ። ትርፍ ሰዓቱ እዚያው ቀለጠ። እኔ ሰምቻለሁ። አጃቢ ግን አፍ የለውም፤ ለመናገር ውክልና ያስፈልጋል፣ ውክልናም በስልክ ነው፣ ስልኩም ያው የዘመድየው ስልክ። እጄን ላነሳ ስል ዳኛው አዩኝና እጄን ወደ ራሴ መልሼ ጠጉሬን አከክሁ። በልሃ ልበልሃ ቢሆን ከዛፉ ሥር የከበበው ሰው «ኧረ የሌሊቱን ሥራ ረስተሃል!» ብሎ ይጮኽ ነበር።

ወኪሉ መልስ ለማቅረብ ጊዜ ጠየቀ። ተፈቀደለት። ቀጠሮ! ቪዛም ኢቃማም ሳይጠየቅ ቀይ ባሕርን የተሻገረ የአገራችን ነገር ቢኖር ቀጠሮ ነው።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ነገሩ ከድሮው ተሻሽሏል። የሠራተኛ ክርክር እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በሠራተኛ ሚኒስቴር ኮሚቴዎች ይታይ ነበር፤ አሁን በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አለው። ሠራተኛ ክስ ሲከፍት ዳኝነት አይከፍልም። ከዳኛ በፊት 21 ቀን የሚሰጠው የማስታረቂያ ደረጃ አለ፤ ካልታረቁ ወደ ዳኛ ያልፋል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። የቤት ሠራተኞችን ግን የሥራ ሕጉ አያቅፋቸውም፤ የእነርሱ ነገር በተለየ ደንብ ነው የሚተዳደረው። እዚህ አገር ያሉት እህቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። የከፊልን፣ የአሠሪውን፣ በር ተሻግሮ የሚመጣ አጃቢ ከየት ይገኛል?

ጨርሶ ዳኛ ሳያይ የሚሄደውስ? ኢቃማ የሌለው ወይም ሁሩብ፣ ከአሠሪው ጠፍቷል ተብሎ፣ የተመዘገበበት ሰው ሲያዝ አሻራ ሰጥቶ ተርሒል፣ የተባራሪዎች ማቆያ፣ ይገባል፣ ከዚያ አውሮፕላን። ችሎት የለም፣ ቀጠሮም የለም። በኖቬምበር 2013 እ.ኤ.አ. ኢቃማ የሌለው ሲታፈስ በሰፈራችን በመንፉሐ የሆነውን የማያስታውስ የለም፤ በዚያ ዘመቻ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ወደ አገር ቤት ተመለሰ። ከዚያ ውስጥ ደመወዙን ከአሠሪው እጅ ጥሎ የሄደው ስንት እንደሆነ የጠየቀው ዳኛ የለም። እኔ ስለ ወንበርና ስለ አስተርጓሚ ሳማርር ይህ ትዝ ሲለኝ ትንሽ አፍራለሁ፤ ማማረሬን ግን አላቆምኩም።

ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው የሚጠብቀው ሰፈር ውስጥ ነው። መንፉሐ ስንደርስ ቡናው ተፈልቷል፤ ሁሉም «ምን ተፈረደ?» ይላል። አልተፈረደም ስትል ራሱ ይፈርዳል። አንዱ «እኔ ብሆን ዳኛውን እንዲህ እለው ነበር» ብሎ ይነሣል፤ ሌላው «ኤምባሲ ሂዱ» ይላል፤ ሦስተኛው «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» ይላል። ይህ ሦስተኛው ነው የሚያናድደኝ። የሥራ ሕጉ ሥራ ካቆምሽበት ቀን በ12 ወር ውስጥ ክሰሺ ይላል፤ ታገሺ እየተባለች ዓመቱ ያለፈባት ሴት ስንት ናት? መካሪው ግን ሁሌም ከነሙሉ ሥልጣኑ እዚያው ረከቦት ዳር አለ።

የትርፍ ሰዓቱን ነገር በጽሑፍ አስገቢው አልኳት፤ የሚጽፍላት ሰው እየፈለግን ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በዚህኛው ማን አብሯት እንደሚሄድ ስጠይቅ፣ ያ ሁሉ ዳኛ ሥራ እንዳለው ትዝ አለው።