የአያ ጅቦ ከሥራ መሰናበት፦ አጭር ጥናት

የጥናቱ ዳራ

አያ ጅቦ በአገራችን የልጅ ማሳደግ ዘርፍ ያለ ደመወዝና ያለ ዓመት ፈቃድ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። እንቢ ያለውን ያስተኛል፣ አልበላም ያለውን ያጎርሳል፣ ከመሸ ወደ ደጅ የሚወጣውን ይመልሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሳይመጣ ነው፤ «መጣ!» መባሉ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን በከተማ ቤቶች ስሙን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ቦታውን የያዙት ዐይናቸው የትየለሌ፣ ጥርሳቸው የማይታይ፣ ባዩት ነገር ሁሉ የሚደሰቱ ፍጥረታት ናቸው። ይህ ጥናት አያ ጅቦ እንዴት ከሥራ እንደ ወጣና ሥራው ለማን እንደ ተላለፈ ይመረምራል።

የጥናቱ ዘዴና ወሰን

ናሙናው ከሁለት ዓይነት ቤቶች ተወስዷል፦ አያት ካሉበትና ዋይፋይ ካለበት። ሁለቱም የተገኙበት ቤት ከናሙናው ወጥቷል፤ አያትም ቲክቶክ ላይ ስለሚውሉ ውጤቱን ያዛባሉ። ጭራቅ በጥናቱ አልተካተተም። መልኩን የሚመሰክር ሰው ቢፈለግ ሊገኝ አልቻለም፤ ያዩት ሁሉ ተበልተዋል።

ግኝት አንድ፦ የሕግ ትምህርት

በቀድሞው ተረት የሟቾች ቁጥር ከፍተኛ ነው። ለአብነት በሰፊው የሚነገረውን የአህያዋን ጉዳይ እንይ። ድርቅ ይገባል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ይሰበሰቡና ዝናቡ የቀረው ከመካከላችን ኃጢአት የሠራ ቢኖር ነው ብለው ይናዘዛሉ። አንበሳ በሬ መብላቱን ይናገራል፤ ይህማ ኃጢአት አይደለም ይባላል። ነብር ፍየል በልቷል፤ ይህም አይደለም። ጅብ ዶሮ ሰርቋል፤ ምን አለበት ይባላል። አህያ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ጥቂት ሣር መንጨቷን ታስታውሳለች። የድርቁ መንሥኤ ወዲያው ታወቀ፤ አህያዋም ተበላች።

ከሥነ ሥርዓት አንጻር ችሎቱ እንከን አይወጣለትም። ተከሳሿ የመናገር ዕድል ተሰጥቷታል፣ ቃሏን ሳትገደድ ሰጥታለች፣ ቀጠሮ አልተለዋወጠም፣ ፍርዱም በዕለቱ ተፈጽሟል።

ሁለተኛው ጉዳይ የፍየሎቹ ነው። ዝሆን የነብርን ልጅ ረግጦ ይገድላል። አባት ነብር ገዳዩ ዝሆን መሆኑ ሲነገረው ጥቂት ያስብና ምርመራውን እንደገና ይከፍታል። የዝሆኑን ቁመትና ክብደት ከግምት ካስገባ በኋላ ገዳዮቹ ፍየሎች ናቸው ከሚል ድምዳሜ ይደርሳል፤ ሄዶም ይፈጃቸዋል። የአምስት ዓመት አድማጭ ይህን ሰምቶ ጋቢው ውስጥ ሲገባ፣ ሌላው በሕግ ትምህርት ቤት በርካታ ዓመት የሚማረውን አጠቃሎ ነው።

ይኸው ታሪክ በዛሬ የልጆች ፕሮግራም ቢቀርብ ዝሆኑ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የነብሩ ልጅ ጉልበቱ ላይ ፕላስተር ይለጠፍለታል፤ ፍየሎቹ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ ሁሉም ስለ ጓደኝነት ይዘምራሉ። ዝሆኑ ከዘፈኑ በኋላ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አይገለጽም።

ግኝት ሁለት፦ የድምፅና የብርሃን ጥራት

የቀድሞው ተረት የሚቀርበው ከራት በኋላ በምድጃ ዳር ነበር። መብራቱ ፍሙ ነው። ተራኪዋ ታሪኩ ጣፋጭ ቦታ ላይ ሲደርስ እውነተኛው ጅብ ከወንዝ ማዶ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ቅንብር እስካሁን የትኛውም ስቱዲዮ አልተሳካለትም። ክፍያውም መጠነኛ ነው፤ ተረቱ ሲያልቅ ለተራኪዋ አፍ ማበሻ የሚሆን ዳቦ ይጠየቃል፣ ዳቦውም አይመጣም።

የጎንዮሽ ጉዳት ታይቷል። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ ጓሮው ጨለማ ነው፤ ጨለማው ውስጥ ያለው ማን እንደ ሆነ አሁን ተነግሯል። ታዳሚው እስኪነጋ ይታገሣል። መታገሥ ያቃተው በማግሥቱ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ያሰጣል።

ግኝት ሦስት፦ የሽግግሩ ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ጀመረ። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ፣ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በዚሁ መስኮት አነጋግረዋል። የምድጃ ዳሩ ሥራ ሳይቋረጥ ወደ ስቱዲዮ የተዛወረው በእርሳቸው በኩል ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት የታጨቁ ልጆች ለሰላምታቸው በአንድ ድምፅ ይመልሱ ነበር። መስኮቱ እንደማይሰማ የነገራቸው ትልቅ ሰው አልተገኘም፤ ትልልቆቹም ይመልሱ ነበርና።

ቀጥላ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሚለው ፕሮግራም ፀሐይ የተባለች የአሻንጉሊት ቀጭኔ መጣች። ፊደል ታስተምራለች፤ እጅ መታጠብ ታስተምራለች። በሕብረተሰብ ጤና ረገድ ቀጭኔዋ ከጅቡ በእጅጉ መብለጧን ጥናቱ ያለ ማንገራገር ይቀበላል። ጅቡ ልጆች ንጹሕ እንዲሆኑ ቢፈልግ እንኳ ምክንያቱ ሌላ ነበር። ይሁን እንጂ «ቀጭኔ መጣች» ተብሎ የተኛ ሕፃን አልታየም።

ግኝት አራት፦ የውጭ አገር ተሞክሮ

የሥራ ቅነሳው ዓለም አቀፍ ነው። ግሪም ወንድማማቾች በ1812 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ስኖው ዋይትን ለማስገደል የምትጥረው የወለደቻት እናት ነበረች። በ1819 እትም እንጀራ እናት ተደረገች። የእናቶች ስም በዚህ ጸዳ፤ እንጀራ እናቶች ግን ይግባኛቸውን እስካሁን የሚሰማ አላገኙም።

ጣሊያናዊው ካርሎ ኮሎዲ በ1881 የፒኖኪዮን ታሪክ በጋዜጣ ሲጀምር የእንጨቱን ልጅ ዛፍ ላይ አሰቅሎ አበቃ። አንባቢ ቅር በመሰኘቱ ሟቹ ተነሥቶ እንዲቀጥል ተደረገ። በዚያው ታሪክ ፒኖኪዮን የሚመክረው ፌንጣ በመዶሻ ተመትቶ ይሞታል። በ1940 በወጣው የዲዝኒ ፊልም ይኸው ሟች ሕሊና ሆኖ ተቀጥሯል፤ ይዘፍናልም። ከሞት በኋላ የሥራ ዕድገት ማግኘት ከሚቻልባቸው ጥቂት ዘርፎች አንዱ ይህ ነው።

በ1969 ለሕፃናት የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የሰሳሚ ስትሪት ክፍሎች በ2006 በዲቪዲ ሲወጡ ለአዋቂዎች የታሰቡ ናቸው የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎባቸዋል። ተመልካቾቹ በመካከሉ አዋቂ ስለ ሆኑ ችግሩ ራሱን ፈትቷል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ሸረሪት አይፈራም ብሎ የሚያስተምር የፔፓ ፒግ ክፍል ከሥርጭት ተነሥቷል፤ በዚያ አገር ሸረሪት ሊገድል ይችላል። ከፍርሃት የማጽዳቱ ሥራ ከእውነታ ጋር ሲጋጭ የተሸነፈበት ብርቅ አጋጣሚ ነውና ለብቻው ሊመዘገብ ይገባል።

ግኝት አምስት፦ የአያ ጅቦ ወቅታዊ ሁኔታ

ኮኮሜሎንን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ለጅብ የሚሆን ክፍት የሥራ መደብ የለም። ባላንጣ ሲያስፈልግ ቦታውን አትክልት ይይዘዋል፤ እርሱም በመጨረሻ የሚበላው ራሱ ነው። አያ ጅቦ አሁን ቋሚ ሥራ ያለው ሐረር ነው። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ እየቀረበ በእንጨት የተንጠለጠለ ሥጋ ከሰው አፍ ይቀበላል፤ ቱሪስት ፎቶ ያነሣዋል። አዲስ አበባም ሌሊት ይገባል፤ ነገር ግን ልጆቹ በዚያ ሰዓት ስክሪን ላይ ስለሆኑ አይሰሙትም።

ውይይት

ጥናቱ ሲጀመር ፍርሃት ከልጆች መዝናኛ ጠፍቷል የሚል ግምት ነበር። ግምቱ አልተረጋገጠም። ፍርሃቱ ወደ ወላጅ ተዛውሯል። ቀድሞ ልጅ ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሲፈራ አባት ያንኮራፋ ነበር። ዛሬ ልጁ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ዘና ሲል እናት ወጥ እያማሰለች ትፈራለች፦ ከዚህ ቀጥሎ በራሱ የሚመጣው ቪዲዮ ምን ይሆን? ዐይኑስ? ስንት ሰዓት ሆነው? አማርኛ የሚናገረውስ መቼ ነው? ከሁሉ የሚያስፈራው የባትሪው ማለቅ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ከሕፃኑ የሚወጣው ጩኸት ከወንዝ ማዶ ይሰማ ከነበረው የሚለይ አይደለም።

ሌላም ልዩነት ተገኝቷል። የቀድሞው ተረት ከነሙሉ የደኅንነት መሣሪያው ነበር የሚቀርበው፤ መሣሪያው የአያት ጭን ነው። ጅቡ የቱንም ያህል ቢበላ፣ ተበልታ የማታልቅ አንዲት ሴትዮ እዚያው ተቀምጣ ትተርክ ነበር። ዘመናዊው አቀራረብ ጅቡን ሲያስወጣ እርሷንም አብሮ አስወጥቷል፤ ከእንግዲህ የሚያስፈራ ነገር ስለሌለ አታስፈልግም በሚል ስሌት።

የመፍትሔ ሐሳቦች

1ኛ. አያ ጅቦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጻፍለት፤ «በሥራ ዘመኑ ማንንም ልጅ አልበላም» የሚል ይጨመርበት።

2ኛ. ልጁን ስክሪን ፊት የሚያስቀምጥ ወላጅ እርሱም አጠገቡ ይቀመጥ። ይህ የማይመች ከሆነ ጅቡን መመለስ በወጪ ረገድ ይቀላል።

3ኛ. የፍየሎቹ ተረት ለሕፃናት ይመጥናል ወይስ አይመጥንም የሚለው ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መረጃ ከልጆች ፕሮግራም ቀጥሎ፣ በዜና ሰዓት፣ በየዕለቱ ይቀርባል።