ላቲን የለበሰች ጸሎት

በ382 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳማሱስ ቅዱስ ሄሮኒሞስን የላቲኑን ወንጌል እንዲያርም ባዘዙት ጊዜ፣ ላቲን የሮማ ገበያተኛና ወታደር የሚነጋገርበት ልሳን ነበረና፣ የሊቁ ድካም ምእመኑ የሚሰማውን እንዲያስተውል ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 በየሀገሩ ልሳን መቀደስን ከፈቀደ ወዲህ ግን፣ በእናቱ ቋንቋ «አቤቱ ጠብቀኝ» ለማለት የሚያፍረው የኤውሮጳ ጎልማሳ፣ ይህችኑ ሐረግ ወደ ላቲን አስተርጉሞ፣ አገባቧን ሳያስመረምር በክንዱ ላይ ያስነቅሳታል። ትእዛዝ አንቀጹ በስሕተት ለብዙዎች የሚነገረው ሆኖ ከተገኘ፣ ልመናው አንዱን አምላክ ትቶ ለጥንቶቹ የሮማ አማልክት ማኅበር ይደርሳል፤ ደግነቱ፣ የሚያነበው ስለሌለ በመናፍቅነት የሚከሰው የለም።