በግራ ጠርዝ ለመቆም 96 ሚሊዮን

የሰው ደሞዝ ሲነሳ፣ ከእኛ ኪስ የሚከፈል ይመስል ደማችን ይፈላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2025 ሐምሌና ነሐሴ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሐበሾች የአንድ ሰው ደሞዝ እንቅልፍ ነስቶን ከረመ። ሰውዬው ቴሪ ማክሎሪን ነው፤ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ሪሲቨር። ሥራው ሮጦ ኳስ መቀበል ነው። «ወይ ጨምሩልኝ ወይ ሽጡኝ» ብሎ የቡድኑን ልምምድ ዳር ቆሞ ሲመለከት ሰነበተና፣ በመጨረሻ ለ3 ዓመት እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ፈረመ።

በእኛ ቤት ይህን ውል አላጸድቅም ያሉት የባለቤቴ አጎት ናቸው። ጋሼ መሀል ከተማ፣ ከሕንፃ ሥር ያለ ፓርኪንግ የሚቆጣጠሩ ሰው ናቸው፤ ስለ ፉትቦል ሲናገሩ ግን ቡድኑን የገዙት እሳቸው ይመስላሉ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ማኪያቶ አዘን ገና ሳይቀርብልን ጀመሩኝ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ ይኼ ሰው የሚቆመው የት ነው?»

«በግራ ጠርዝ ነው ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«እና በግራ ለመቆም ነው 96 ሚሊዮን? እኔ ይኸው በቀኝም በግራም፣ ዝናብም ሲመጣ ቆሜ አይደል እንዴ የኖርኩት!»

ከመሬት ተነስተው አልነበረም። በ2024 የማጥቃት አሠልጣኝ የነበረው ክሊፍ ኪንግስበሪ ያመጣው አጨዋወት ጥድፊያ ይወድ ነበር። ተጫዋቾቹ ተሰብስበው ሳይመካከሩ ቶሎ ቶሎ ይሰለፉ ነበር፤ ጊዜ እንዳይባክንም ሪሲቨሩ ከያዘው ጠርዝ ብዙም አይንቀሳቀስም ነበር። ሌሎች ቡድኖች ግን ኮከባቸውን አንዴ ወደ መሀል፣ አንዴ ወደ ቀኝ ያዟዙሩታል፤ ተከላካዩ የት እንደሚያገኘው እንዳያውቅ። ታዲያ ቦታው አስቀድሞ ለሚታወቅ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ ምን ይሉታል? ጥያቄው የጋሼ ብቻ አልነበረም፤ ከተማው ሁሉ ሲያላምጠው ነበር።

የእኔ መልስ ቁጥር ነው። ሰውዬው እዚያው ግራ ጠርዝ ላይ ቆሞ በዚያ ዓመት 82 ኳስ ተቀብሎ 1,096 ያርድ ሄደ፤ 13 ታችዳውንም አገባ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ወርዋሪው ኳርተርባክ እንደ ወር ተረኛ እየተቀያየረበት፣ ከ2020 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በታች አልወረደም። ቡድኑ ራሱ አልረጋለትም፤ ሬድስኪንስ ሲባል ተቀጥሮ፣ ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም ሲባል ሠርቶ፣ ኮማንደርስ ሲባል ነው ጭማሪ የጠየቀው። ደግሞም ሁለት ተከላካይ ወደ ግራ ሲስብ በቀኝ ያለው ጓደኛው ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ ደሞዙ ላልነካው ኳስ ጭምር ነው የሚከፈለው» አልኩ።

«ላልነካው ኳስማ ለእኔም ይክፈሉኝ!»

አጠገባችን የነበሩት ወጣቶች ሳቁ። ጋሼ ድጋፍ ያገኙ መሰላቸውና ነጠላቸውን በኩራት ወደ ትከሻቸው ሲመልሱ፣ ከሥሩ የኮማንደርስ ማልያ ብቅ አለ። 17 ቁጥር። የማክሎሪን ቁጥር! ዓይኔ የት እንዳረፈ አይተው፣ «ልጆቹ ናቸው ለአባቶች ቀን የገዙልኝ» አሉና ነጠላቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡት።

የገንዘቡን ነገር ግን እንዲህ በሳቅ ማለፍ አይቻልም። የሊጉ ሕግ ለ2025 በአንድ ቡድን ላይ የጣለው የደሞዝ ጣሪያ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። 53 ተጫዋች በዚህ ነው የሚያድረው፤ ለአንዱ የጨመሩለት ከሌላው የሚነሳ ነው። የቴሪን ውል በዓመት በአማካይ 32 ሚሊዮን ብንለው፣ ከጠቅላላው ከ11 በመቶ በላይ ይሆናል። ጋሼ «ልጁንስ ማን ይጠብቀዋል?» ሲሉ ኳርተርባኩን ጄደን ዳንኤልስን ማለታቸው ነው። እኔ ደግሞ ልጁ ገና በጀማሪ ውል በርካሽ እየተጫወተ ስለሆነ፣ ለሪሲቨር የሚከፈለው አሁን ነው እላለሁ። የእሱ ተራ ሲደርስ ለማንም የሚተርፍ ሳንቲም አይኖርም።

ጋሼ ነገር ሲጠብቃቸው ወደ ፓርኪንጋቸው ይወርዳሉ። «አንድ ቀን» አሉ፣ «ላምቦርጊኒ መጣ። መግቢያው ላይ ያለችውን ጉብታ ማለፍ አቃተው፤ ሆዱ አስፋልቱን ፋቀ። ከኋላው የነበረችው አሮጌ ኮሮላ ጥሩምባዋን እየነፋች ቆየችና ሽው ብላ አለፈች። ዋጋው አይደለም ልጄ፣ ቦታው ነው!»

በዚህ እንኳ ተስማማን፤ ጥፋቱን ግን እኔ ለጉብታው እሰጣለሁ። ምስክሬም ሪሲቨሩ ራንዲ ሞስ ነው። ሞስ በ2006 ኦክላንድ ሬደርስ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ 3 ታችዳውን ብቻ አገባ፤ ቡድኑም 2 አሸንፎ 14 ተሸነፈ። የዚያ ቡድን የማጥቃት አሠልጣኝ ከመቀጠሩ በፊት አይዳሆ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድር ነበር! (ቁርሱ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።) ሲዝኑ ሳያልቅ ከኃላፊነቱ ተነሳ። ሞስ አለቀለት ተባለና በ2007 በአንድ የ4ኛ ዙር የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ልዋጭ ለኒው ኢንግላንድ ተሰጠ። እዚያ ቶም ብሬዲ እየወረወረለት በአንድ ሲዝን 23 ታችዳውን አገባ፤ እስካሁንም ክብረ ወሰኑ የእሱ ነው። ያኔ 30 ዓመቱ ነበር። ቴሪም በውሉ መጀመሪያ ላይ 30 ደፍኗል።

ጋሼ ማኪያቶአቸውን ፉት ብለው ሌላ አመጡ። «ካንሳስ ሲቲ በ2022 ሪሲቨራቸውን ታይሪክ ሂልን አልሸጡም? ከዚያስ ሁለት ዓመት ተከታትለው ዋንጫ አላነሱም?»

አነሱ፤ ይህስ ምን መልስ አለው? «ማሆምስ እየወረወረ፣ ኬልሲ መሀል ላይ ቆሞማ እኔም ሪሲቨር እሆናለሁ» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ሆዴ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ።

ሜዳውም አልዳኘንም። ሲዝኑ ገና በ3ኛው ሳምንት ቴሪ ጭኑን ተጎዳ፤ ዳንኤልስም በጉዳት ሲወጣና ሲገባ ነበር። ሁለቱ አብረው ብዙ ካልተጫወቱ ውሉ ከአጨዋወቱ ጋር ይስማማ አይስማማ በምን ይታወቃል? ጋሼ ግን «አላልኩም?» አሉ፤ ጭኑንም የተነበዩት እሳቸው ይመስል።

በዚያ መሀል ፍቅራቸውን ወደ ሌላው የቡድኑ ሪሲቨር፣ ወደ ዲቦ ሳሙኤል አዙረው ነበር። ከሳን ፍራንሲስኮ በ5ኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነው የመጣው፤ ይህ ርካሽ ዋጋ ጋሼን ልባቸው ድረስ ዘልቋል።

«ደሞዙ እኮ ለአንድ ዓመት ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«እሱ ግን ኳሷን ከያዘ በኋላ ይሮጣል!»

«ቴሪስ ዲትሮይት ላይ አጭር ኳስ ተቀብሎ 58 ያርድ ሮጦ አላገባም?»

«እሱ» አሉ ጋሼ፣ «ያኔ ገና ጭማሪ ፈልጎ ነዋ!»