የዋዲያ ጂኦግራፊ፦ በአንድ አስቂኝ ፊልም ካርታ ላይ የተደረገ ጥናት

የእንከን ፈላጊዎች ሳይንስ በሁለት ዘርፍ ይከፈላል። አንደኛው ኮንቲኒዩቲ ነው፦ ተዋናዩ መናገር ሲጀምር ግማሽ የነበረው ብርጭቆ፣ ማንም ሳይነካው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ሞልቶ ይገኛል። መንስኤው የታወቀ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን ቦታና ተዋናይ በተገኘበት ሰዓት ስለሆነ፣ በታሪኩ የአምስት ደቂቃ ልዩነት ያላቸው ሁለት ትዕይንቶች በሦስት ሳምንት ልዩነት ሊነሱ ይችላሉ። ለዚህም ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር የሚባል ባለሙያ ይቀጠራል፤ ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን ውሃ፣ የሲጋራውን ርዝመት፣ የከረቫቱን አቅጣጫ በደብተር ይይዛል። ሁለተኛው ዘርፍ የሐቅ ስህተት ነው። አገር ከቦታዋ ስትነሳ በደብተር የሚይዝ ሰው ግን እምብዛም አይቀጠርም።

ለሁለተኛው ዘርፍ ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ የምርምር ማዕከል ማግኘት ይከብዳል። መሠረተ ልማቱ የተሟላ ነው። የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ደጋ ገብቶ ለየሰፈሩ ከተከፋፈለ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ መብራዝ በሚባሉት የመቃሚያ ክፍሎች ውስጥ ምሁራኑ በፍራሽና በመከዳ ላይ ጋደም ይላሉ። ቀዝቃዛ ውሃና ሻይ የሞላ ፔርሙስ ይቀርባል፤ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ምርቃናው እየጨመረ ሲሄድ የትንተናው ጥልቀትም አብሮ እንደሚጨምር በተሳታፊዎቹ ዘንድ ጽኑ እምነት አለ። በነጋታው ጠዋት ግኝቱን የሚያስታውስ አለመኖሩ የዘርፉ ዋነኛ ችግር ነው።

ለዚህ ጥናት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ዘ ዲክታተር» ነው። ላሪ ቻርልስ ያዘጋጀው፣ ሳሻ ባሮን ኮኸን አድሚራል ጄኔራል አላዲንን ሆኖ የተወነበት ፊልም የዋዲያ ሪፐብሊክ ስለተባለች የፈጠራ አገር ይተርካል። ዋዲያ በካርታ ላይ ስትታይ የተቀመጠችው ኤርትራ ባለችበት ቦታ ነው። ከዚህ ተነስቶ ወደ አንድ የማይታበል ድምዳሜ መድረስ ይቻላል፦ የጅቡቲ የሰሜን ጎረቤት ዋዲያ ናት። ፊልሙ ይህን ጉርብትና አንድም ቦታ አያነሳም።

ዝምታው ተራ አይደለም። ጅቡቲና ኤርትራ እ.ኤ.አ. በጁን 2008 በድንበራቸው ላይ ባለው ራስ ዱሜይራ ተጋጭተዋል፤ ኳታር በ2010 አሸማግላ ታዛቢ ወታደሮቿን መሀል ላይ አቁማለች፤ ያስወጣቻቸው በ2017 ነው። ስለዚህ ፊልሙ ለሕዝብ ሲቀርብ የኳታር ወታደሮች በዋዲያ ድንበር ላይ ነበሩ ማለት ነው። በራሱ ውድድር ላይ ከመነሻው ጥይት ቀድሞ የሚሮጥ፣ ቀድሞት ሊያልፍ የሚሞክረውን ደግሞ በዚያው ሽጉጥ የሚመታ እንደ አላዲን ያለ መሪ ድንበሩ ላይ የቆመን የውጭ ጦር በዝምታ ያልፋል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ቤተ መንግሥቱም ሌላ ጣጣ ነው። የአላዲን መቀመጫ ሆኖ የሚታየው በስፔን ሴቪል ከተማ ያለው ፕላሳ ዴ እስፓኛ ሲሆን፣ የተሠራው ለ1929ኙ የኢቤሮ-አሜሪካ ኤክስፖዚሽን ነበር። ይኸው ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1962 «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ላይ ካይሮ የሚገኝ የእንግሊዝ መኮንኖች መዋያ ሆኗል፤ በ2002 ደግሞ በ«ስታር ዋርስ» ናቡ የተባለች ፕላኔት ሆኖ ተውኗል። ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከግብፅ ወደ ሌላ ፕላኔት፣ ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የተዘዋወረ ብቸኛ ሕንጻ ሳይሆን አይቀርም። የዋዲያ በረሃ የተቀረጸው ደግሞ በካናሪ ደሴቶች ፉኤርቴቬንቱራ ላይ ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

በአንጻሩ የአላዲን ጢም በጥንቃቄ ተይዟል። ኒው ዮርክ ውስጥ ይላጫል፤ ኋላ የሚለጥፈው ከአንድ አስከሬን የተወሰደ ነው። የጢሙ መነሻና መድረሻ ከአገሪቱ ይልቅ ግልጽ ነው።

ሆኖም ጥናቱ ለወገን ሳያዳላ አንድ የአካባቢውን ስህተት መመዝገብ ግድ ይለዋል። አዋሽ ወንዝ የሚያልቅበት፣ የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫዎቹ እስከ 50 ሜትር የሚቆሙበት የአቤ ሐይቅ የ1968ቱ «ፕላኔት ኦፍ ዘ ኤፕስ» መቅረጫ እንደነበረ ጎብኚ ሁሉ ይነገረዋል፤ በጉዞ ጽሑፎችም ታትሟል። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ቻርልተን ሄስተን የተንከራተተው ግን በአሪዞናና በዩታ በረሃ ነው፤ መንኮራኩሩ የወደቀበት ውሃም ፓወል ሐይቅ ነው። ሴቪል ዋዲያ ከሆነች፣ አቤም የዝንጀሮዎቹ ፕላኔት ብትሆን ሒሳቡ ይጣጣማል የሚል የመከላከያ ሐሳብ ቢቀርብም፣ ጥናቱ ማስረጃው አልበቃውም።

በእርግጥ ጅቡቲ ድረስ መጥቶ የተቀረጸው የክሌር ዴኒ «ቦ ትራቫይ» ነው፤ የወጣው በ1999 ሲሆን፣ በ2022 የሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት የሃያሲያን ምርጫ ላይ 7ኛ ወጥቷል። በረሃው የራሱ የጅቡቲ በረሃ ስለሆነ እንከን ፈላጊው የሚሠራው ሥራ አጥቶ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ይተኛል።

የመጨረሻውና ለኢትዮጵያውያን የከፋው ስህተት ነዳጁ ነው። ዋዲያ የነዳጅ አገር ናት፤ የሴራው ሁሉ ማጠንጠኛ የነዳጅ መብቷን ለውጭ ኩባንያዎች መሸጥ ነው። በካርታው ላይ ቦታዋን የለቀቀችላት ኤርትራ ግን ነዳጅ አታመርትም። ኢትዮጵያም ነዳጇን ከባሕር ማዶ አስጭና፣ በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ አራግፋ፣ በቦቴ እያስጎተተች በጋላፊ ታስገባለች። በአፍንጫዋ ሥር ነዳጅ የሞላት ዋዲያ እያለች አንድ ቦቴ ያን ሁሉ መንገድ ለምን ይሄዳል? ፊልሙ መልስ የለውም።

ስለዚህ ጥናቱ አንድ ምክረ ሐሳብ ያቀርባል። ቀጣዩ ክፍል የሚሠራ ከሆነ ካርታው ከመታተሙ በፊት ለአንድ የቦቴ ሾፌር ይታይ። ሾፌሩ ኬላውን፣ ጠመዝማዛውን፣ ጎማ የሚፈነዳበትን ቦታና ምሳ የሚበላበትን ቤት በቃሉ ያውቃል፤ የአማካሪነት ክፍያው በዶላር ቢሆንም ቅር አይለውም።