ጂ ፕላስ ቃል

ልጄ ሐሙስ ዕለት ከደብተሩ መሃል አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ለትምህርት ቤቱ ማስፋፊያ የገቢ ማሰባሰቢያ አለ። ከታች በእስክሪብቶ «እንዳይቀሩ» ተብሎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። እንዴት ብዬ እቀራለሁ? ሐዋሳ ውስጥ ሰው ግማሽ ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለሀብት ሆኖ የሚነሳበት ሌላ ቦታ የለም።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ክፍሉ ጠበበ፣ ልጆቹ በፈረቃ እየተማሩ ነው ብለን በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በኩል አምስት ሰው መርጠን አቤቱታ ላክን። ሁለት ገጽ ናት፤ ማኅተምም አላት። ከሚመለከተው ቢሮ የመጣው መልስ ግን አንድ መስመር ነበር፦ «በጀት የለም፤ ኅብረተሰቡን አሳትፉ።» ክፍል ሊጠይቅ የሄደ ሕዝብ ክፍል ሠሪ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየተሰበሰብን ቃል እንገባለን።

ቃል ደግሞ የሚገርም የግንባታ ዕቃ ነው። ሲሚንቶ በየወሩ ይወደዳል፣ ፌሮ ይጠፋል፣ አሸዋ የጫነው ሲኖትራክ መንገድ ላይ ይበላሻል። ቃል ግን ዋጋው ሳይነቃነቅ ይኖራል። ዝናብ አያጠነክረውም፤ መጋዘንም ዘበኛም አይፈልግም። ሲገባም እንዲህ ነው፦ መድረክ መሪው ማይኩን ነፋ ነፋ ያደርግና «ከሃምሳ ኩንታል በላይ የሚል ጀግና ወላጅ!» ይላል። ከኋላ አንድ እጅ ይነሳል። ጭብጨባ። «ስምዎ ጋሼ?» እንደገና ጭብጨባ። ፈንዲሻው ይዞራል፣ ቡናው ይቀዳል፣ ሙክቱ ለጨረታ ይቀርባል። የሙክቱ አሸናፊ እንኳ ገንዘቡን የገባው በቃል ነው። በጉን ግን ይዞት ሄደ።

ባለፉት ሦስት ዓመታት የገባነውን ቃል ብትደምሩት ሕንፃው አልቋል። የመጀመሪያው ዓመት አራት ክፍል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የሆቴል ባለቤት «አራት ክፍል ለሐዋሳ አይመጥንም» አሉና ጂ ፕላስ ሁለት ሆነ። አምና አንድ ዘመዳችን ከዳላስ በስልክ ገብተው፣ ድምፃቸው በስፒከር እየተቆራረጠ፣ ሁለት ፎቅ ጨመሩበት። ጂ ፕላስ አራት ሲሆን ሊፍት ያስፈልጋል ተባለ፤ ለሊፍቱ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ። ነዳጁን የባጃጅ ሹፌሮች ያዙት፤ እነሱ ራሳቸው ለነዳጅ ሌሊት ተሰልፈው የሚያድሩ መሆናቸውን ማንም አላነሳም፤ ቃል ሰልፍ የለውም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቤተ ሙከራ፣ አራተኛው ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መጻሕፍት አለ።

ሕንፃው ትንሽ ችግር የለበትም አልልም። የሁለተኛውን ፎቅ ደረጃ ቃል የገቡት ሰው ቤታቸውን ሸጠው አዲስ አበባ ስለገቡ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ የሚያወጣ የለም። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል የገቡ ልጆች በቃል ወጥተው በቃል መውረድ አቅቷቸዋል፤ ወላጆቻቸው ምሳ በገመድ እየሰቀሉላቸው ነው። የግራውን ግድግዳ የያዙት ባልና ሚስት በመሃል ተፋተው ግድግዳው በፍርድ ቤት ለሁለት ተከፍሏል፤ መስኮቱ ለእሷ፣ ምሰሶው ለእሱ ደርሷል። ቀለሙን የያዘው ወጣት ክሬም ቢልም የጣሪያው ባለቤት «ከሰማያዊ ጋር አይሄድም» ብለው ቅር በመሰኘታቸው ጣሪያውን ወደ ልጃቸው ሠርግ አዛወሩት። ሕንፃው በዚህ አያያዙ ከታቦር ተራራ በላይ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አባ ኮዳዎቹ፣ የሐይቁ ወፎች፣ ብቻ ልማቱን አላመኑበትም። ዛሬም ከአሞራ ገደል ተነስተው መጥተው የሚያርፉት በዛገው በድሮው ቆርቆሮ ላይ ነው።

መዝገቡ የተያዘበት ሥርዓት ደግሞ ምስጋና ይገባዋል። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የተገባው ቃል፣ ስልክ፣ ፊርማ። «የተከፈለ» የሚል ዓምድ የለውም። አምና አንድ የሲዳማ አዛውንት፣ ቃል ያልገቡ፣ ሁለት ቆርቆሮ በጋሪ አስጭነው መጡ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አገላብጣ የምትጽፍበት ቦታ አጣች። «አባባ፣ መጀመሪያ ቃል ይግቡልን» አለቻቸው። አዛውንቱ ግራ ተጋቡ። እውነታቸውን ነው። ሀላሌ፣ ሐቅ ማለት ነው፣ የመተዳደሪያ ሕጉ በሆነበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ሸንጎ ተቀምጦ ነገር ሲጀመር «አፊኒ?»፣ ሰምታችኋል ወይ፣ ተብሎ የሚጠየቅበት አገር። እኛ ስብሰባ ላይ የአምናውን ቃል ሰምታችኋል ወይ የሚል የለም። እሳቸው ግን እጃቸውን አውጥተው «የአምናውስ የት ደረሰ?» አሉ። ማይኩ የዚያን ጊዜ ተበላሸ።

ሁለቱ ቆርቆሮዎች የሴቶቹ ሽንት ቤት በር ሆነዋል። መቀርቀሪያም አለው።

በነገራችን ላይ ኅብረተሰቡ ለትምህርት ቤት እጁን ይዘርጋ መባሉን አልነቅፍም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ የጀመረው ንቅናቄም ይኸው ነው፣ ሐሳቡም ደግ ነው። ለሕዳሴው ግድብ እኮ ከመጋቢት 2003 ጀምሮ አዋጥተን ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ልዩነቱ ያን ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛው ቃል ብቻ ገብቶ አልቀረም፤ ከደመወዙ ላይ ተቆረጠ። ፔሮል አያጨበጭብም።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። እኛ ዘንድም በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ነገር አለ፤ ፎቁ ነው። ቢሮው በጀት ሲጠየቅ «ኅብረተሰቡ ይዞታል» ይላል፤ ኅብረተሰቡ ሲጠየቅ «ቃል ገብተናል» ይላል። አቤቱታችን፣ ያቺ ሁለት ገጽ፣ አሁን የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ግብር ከፍለናል፤ ክፍል ሥሩልን። ቃል የገባም ይክፈል ወይም አፉን ይያዝ። ልጄና የክፍል ጓደኞቹ ሰባ ስምንት ሆነው ነው የሚማሩት፤ ለሦስት የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፣ ዳር ያለው በአንድ እግሩ መሬት ረግጦ ነው የሚጽፈው። የልጄ ቀኝ ጫማ ሶሉ ከግራው ቀድሞ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ፣ በ2015ቱ ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ልጆቹን ወቀስናቸው። ወላጆቻቸው በገባነው ቃል ብንፈተን 3.2 ከየት ይመጣል? አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ ጨክነው የተናገሩት ይመስለኝ ነበር። እኛ ቃል በቃል ፈጸምነው። የተናገርነው በሰማያዊ መዝገብ፣ በተቆለፈ ሼልፍ ውስጥ በደህና ተቀምጧል፤ አንድም ፊደል አልጠፋም።

እኔም መዝገቡ ላይ አለሁ፤ አልደብቅም። በመጀመሪያው ዓመት ጎረቤቴ አምስት ኩንታል ሲል ሰምቼ አሥር ብያለሁ። ስሜ ሲጠራ ባለቤቴ ቀና ብላ ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሲሚንቶው ያኔ ርካሽ ነበር። ከዚያ የቤት ኪራይ መጣ፣ ከዚያ ለቅሶ መጣ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ተወደደ። ልጄ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አባዬ፣ የኛ ሲሚንቶ የቱ ግድግዳ ላይ ነው?» አለኝ። ሩቅ ነው፣ ከላይ ነው፣ አልኩት።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጎረቤቴ ዘንድሮ ሃያ ሊል እንደሆነ ከሚስቱ ሰምተናል። እኔ ሊፍቱን ልይዘው አስቤያለሁ።