ፎቅ ላይ የወጣ አፈር

ኧረ እናንተ ሰዎች! ደብረ ማርቆስ ላይ ለልስን የሚሆን አንድ መኪና አሸዋ ለማግኘት ሰው ደጅ ይጠናል፤ የልጄ ልጅ ግን አሸዋዬን ኮላ በተቀባ ሸራ ላይ ነስንሶ «ሥዕል ነው» ይለኛል። «የምን ሥዕል?» ብለው «የስሜት ነው አባባ» አለኝ። ስሜቱን በሌላ ነገር አይሥልም? ግንበኛው እጁን አጣጥፎ ቆሟል እኮ!

አዲስ አበባ ወስዶ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያሳየኝም እሱ ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ ነው አሉ። ሙዚየም ሲሉኝ ዘውድና ጋሻ ጠብቄ ብገባ ጭቃ ቤት! ጭቃና ጭድ! እኔ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ስንት ሰንጋ ሸጬ ብሎኬት አስደረደርሁ፤ ልጁ ቲኬት ቆርጦ መለሰኝ።

እርግጥ ግድግዳውን በእጄ ዳብሼ ነቀፌታ አጣሁ። ጭቃው በወጉ የቦካ ነው፣ ላዩም እንደ ጥልፍ ተሸልሟል። ሰውየው ያውቅበታል። ግን ባለቤቴስ? ጎታ ስትሠራ አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላውን አትጭንበትም፤ ከቸኮሉ ይናዳል። አፉን በአውራ ጣቷ እየጫነች ታሳምረዋለች። ስንት ዘመን እህል አኖረችበት፤ ሠዓሊ ያላት የለም። ጎብኚ ቢኖር አይጥ ነው፣ እሱም ያለ ቲኬት።

የባሰውን በስልኩ አሳየኝ። ኒውዮርክ ላይ ዋልተር ደ ማሪያ የሚባል ሰው በፈረንጆች 1977 ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ አፈር ሞላበት። 127 ቶን ያህል! ጥልቀቱ 56 ሳንቲ ሜትር። ዛሬም አለ፤ ውሃ ያጠጡታል፣ ያለሰልሱታል።

«ምን ዘሩበት?»

«ምንም።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ጦም አደረ?»

«ሥነ ጥበብ ነው አባባ።»

እግር ማስገባት ክልክል ነው፤ ዳር ቆሞ ማየት ብቻ። የእኛን የጮቄ ተራራ አፈር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ጠርጎ ለዓባይ ያስረክበዋል። የተረፈችው ደግሞ ኮምጥጣ፣ ኖራ ካልተበተነባት ገብስ እንኳ አልይዝም ትላለች። እዚያ አፈሩ ጣራ ተሠርቶለት፣ ጠባቂ ተቀጥሮለት ይኖራል! እንዲህ ያለ አፈር ባገኝ እኔስ ፎቅ ላይ በሬ ባወጣሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ልጁ ጎታውን «ለኤግዚቢሽን ልውሰደው» ብሎ መጣ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችው። «እሱ ገብስ አለበት፤ አዲስ እሠራልሃለሁ። ጭቃውን የምትረግጠው ግን አንተ ነህ» ብላ ሱሪውን አስጠቀለለችው። እስከ ጉልበቱ ገብቶ «በረደኝ፣ ጭዱ ወጋኝ» ሲል፣ እኔ በርጩማዬን አውጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። ይኸኛውን በነፃ አየሁ።