አዛዩ አባት

ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ አባት ልጁን አዝሎ ከታየ ሰፈርተኛው የሚገምተው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ እናትየዋ ሞታለች፣ ወይ ዓረብ አገር ሄዳለች። ልጄን በሚስቴ ነጠላ አዝዬ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ በራቸው ላይ ቡና የሚለቅሙት ጎረቤታችን ትሪውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ውይ ልጄን! እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«ኧረ ደህና ናት እማማ፤ ሥራ ገብታ ነው።»

«ታዲያ ምነው?»

የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀን ቀን ልጅቷ የእኔ ናት ብል አልተዋጠላቸውም። አልፈርድባቸውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰብ አለቃ ነበር፤ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሠራ ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አለቅነቱን ቢሽርም፣ ሽረቱ እማማ በር ድረስ አልመጣም። ነገሩን በሃይማኖት ልሞክረው ብዬ፣ «ደብረ ዳሞ እንኳን ሴት እንስት በግ አትወጣም፤ ለመነኮሳቱ ማን የሚያበስል ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«እነሱስ መንነው ነው። አንተ ምን ሆንክ?»

ሕጉም ቢሆን ለአባት ብዙ አልቸረም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ፣ ለባል 3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል። አንዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውን እንግዳ በማስተናገድ ያልቃል፣ አንዱ ለገንፎው ቅቤ ሲፈለግ ይመሻል፣ በመጨረሻው የዳይፐር ፊትና ኋላ ገና ሲለይ አለቃ ይደውላል።

ሒሳቡን ተመልከቱልኝ፤ የእናት ፈቃድ በ90ኛው ቀን ያበቃል፣ የ14 ሳምንቱ ክትባት ግን 98ኛው ቀን ላይ ነው። ያቺን ስምንት ቀን የሚሞላት ሰው በዐዋጁ አልተጻፈም።

እኔ ሞላኋት። ጤና ጣቢያ ስደርስ እናቶቹ ወንበር ለቀቁልኝ፤ «ተባረክ»፣ «እንዲህ ያለ አባት ያብዛልን» እያሉ ወረፋውን አሳለፉኝ። አንዷ ጡጦውን ያዘችልኝ፣ ሌላዋ የልጅቷን ካልሲ አወለቀች። ነርሷ ብቻ ካርዱን ገልጣ፣ «እናትየዋስ?» አለች። ልጅቷ በመርፌው ስትጮህ ሁሉም «አይዞህ» ያለው እኔን ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ለሚስቴ በኩራት ተረኩላት። የ6 እና የ10 ሳምንቱን ያስከተበችው እሷ ነበረች፤ ቆማ፣ ካልሲውንም ራሷ አውልቃ፣ መራቂም ሳይኖራት። ካርዱን አነሣችና የዘጠኝ ወሩን ኩፍኝ ቀጠሮ ስልኬ ላይ መዘገበች።

«እንግዲህ ወረፋ ካሳለፉህ፣» አለች፣ «እግረ መንገድህን የእናቴንም መድኃኒት ታወጣለህ።»